በሃያ ስምንቱ ሌንስ ጥግ

ሰኞ፣ ጁላይ 6፣ 2009

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ጓደኛዬ ፈርሂያ በፎቶ ሱቃችን ፊት አልፋ ሦስት እርምጃ ሄደች፤ ቆመች፤ ተመለሰች። እኔ ውስጥ ሆኜ ለአንዲት እናት የመታወቂያ ፎቶ በመቀስ እየቆረጥኩ ነበር። ሰላም ልትለኝ የመጣች መስሎኝ ፈገግ አልኩላት። እሷ የምታየው ግን እኔን አልነበረም። መስታወቱ ላይ የተሰቀለ ነገር ታያለች። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ራሷ ወጣና ሻሿን ነካ። ሻሿ በቦታው ነበር።

መቀሱን አስቀምጬ ወጣሁ። የአጎቴ ልጅ ሊበን ትናንት እሁድ፣ እኔ በሌለሁበት፣ አንድ ትልቅ ፎቶ አትሞ ሰቅሏል። ፈርሂያ ናት። ራሷ ተገልጦ፣ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበትኖ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ስትስቅ። ከሥሩ በስዋሂሊ «አዲስ ካሜራ ገብቷል» ብሎ ጽፎበታል።

ፎቶው ባለፈው ወር፣ የሰፈራችን ልጅ ሳቢሪን ያገባች ዕለት፣ ከሴቶቹ ክፍል የተነሳ ነው። ወንድ ከማይገባበት ክፍል። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሎሪ ጫኞች ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ፎቶውን ስቀድደው አንደኛው፣ «ተዪው እንጂ እህቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ለምደናታል» አለ። ጓደኛው ሳቀ።

ፈርሂያ «ለሊሴ» ብቻ አለች። ስሜን ጠርታ ሄደች።

ማታ

መተኛት አልቻልኩም። ቢያንስ በቅደም ተከተል ልጻፈው። የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሊበን ደግሞ አማርኛ ማንበብ አይችልም።

ጎዳና የሚባለው አባቴ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ድንበሩን ሲሻገር በብርድ ልብስ የጠቀለለው ሦስት ሌንስ ይዞ ነበር፤ ሰፊ የሚያየውን ባለ ሃያ ስምንት ሚሊሜትር፣ ሃምሳውን እና ሩቁን የሚያቀርበውን መቶ አምስት። በእነሱ ነው ይህን ሱቅ የከፈተው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሱቁን የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድሙ አጎቴ ጅሎ ነው፤ ልጁ ሊበን ያትማል፤ እኔ አነሳለሁ።

ሊበን የገዛው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ የአባቴን ሌንሶች አሳንሷቸው ነበር። ብርሃን የሚቀበለው ገጹ ትንሽ ስለሆነ መሃላቸውን ብቻ ይወስዳል፤ ዙሪያው ይቀራል። ሰፊው ሃያ ስምንት በበር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆነ። እኔ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ሠርቼ ባለፈው ሜይ ሙሉ ፍሬም የሚሉትን ካሜራ ገዛሁ፤ ገጹ እንደ ድሮው ፊልም ነው። ሃያ ስምንቱን አስገብቼ በመመልከቻው ሳይ አባቴ ያየው የነበረው ሁሉ ከነዳርቻው ተመልሶ መጣ። አለቀስኩ። ትኩረቱን በእጅ ማዞር ያስፈልጋል፤ ብርሃኑንም በእጅ። እጄ ያውቀዋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የያዝኩት።

አሁን ስለ ሴቶቹ ክፍል። በዚህ ከተማ ሰርግ ሲኖር ሴቶቹ በራቸውን ዘግተው ሻሻቸውን ያወልቃሉ፤ ይጨፍራሉ። አባቴ ወደዚያ ገብቶ አያውቅም። ካሜራውን ይዛ የምትገባው እናቴ ነበረች፤ ከአሥራ አምስት ዓመቴ በኋላ እኔ። ፊልሙ ሲያልቅ እዚያው ይጠቀለላል፤ በፕላስተር ይታሸጋል፤ ለሙሽራዋ እናት በእጅ ይሰጣል። እሷ በዘመዷ እጅ ማንም ወደማያውቃቸው ከተማ፣ ናይሮቢ ልካ ታሳጥበዋለች። እኛ ሱቅ አንድም ቀን ታጥቦ አያውቅም። የሞያሌ እናቶች በራቸውን የሚከፍቱልን ለዚህ ነው። ዲጂታል ሲመጣም ምስሎቹ ያሉበትን የካሜራውን ካርድ ራሱን አሽጌ እሰጣለሁ።

የሳቢሪንንም ካርድ አሽጌ ለእናቷ ሰጥቻለሁ። በእጇ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 7

ሊበንን ጠየቅኩት።

«ፎቶውን ከየት አመጣኸው?»

«ከኮምፒውተሩ። የሌንስ ሙከራ የሚል ፎልደር ውስጥ ነው ያገኘሁት፤ ከግድግዳና ከሎሪ ፎቶ ጋር። ሙከራ ነው ብዬ ነዋ።»

«ፈርሂያን አላወቅካትም?»

«ያለ ሻሽ አይቻት አላውቅም።»

አራት ዓመት አንድ ክፍል ተምረዋል። ባለፈው ዓመት ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቧ እምቢ እንዳለው መላው ሰፈር ያውቃል። ይህን አልተናገርኩትም። አሁን የምጽፈው ግን ዝም ማለቴ አላሰብኩትም ማለት እንዳይመስል ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 9

ፈርሂያ ስልኳን ዘግታለች። ቤቷ ሄድኩ፤ ታናሽ እህቷ በሩን ግማሽ ከፍታ «ተኝታለች» አለችኝ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ።

እናቴ በቆሎ እየፈለፈለች፣ ቀና ሳትል፣ «ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዴት ገባ?» አለችኝ። ስለ ካሜራው መንገር ጀመርኩ። ገጹ ሙሉ ስለሆነ የድሮ ሌንስ ዳርቻው ላይ ይፈዛል ይባላል፤ የእኛው ግን አልፈዘዘም አልኳት። «እሺ» አለች። መፈልፈሏን ቀጠለች። ለጠየቀችኝ እንዳልመለስኩ ሁለታችንም እናውቃለን።

እሁድ፣ ጁላይ 12

ውሃ ቦታ ወረፋ ላይ ከኋላዬ፦

«ራሷ ናት አሉ ወደ ፎቶ ሱቁ የሄደችው። ለሊበን ነው የተነሳችለት።»

«መምህርት ልትሆን ነው ሲባል አልነበር?»

«ምን ታስተምር?»

ዞር አልኩ። አንደኛዋ ጀሪካኗን አነሳች። ይህን ማን እንደተናገረ ጠየቅኳት። «ከሱቃችሁ ነው የሰማነው እኮ» አለችኝ፣ እኔ ነኝ ያወራሁት ይመስል።

ሰኞ፣ ጁላይ 13

አጎቴን ሱቅ ውስጥ ብቻውን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ሊበን አልወጣ አለ። ይሁን ብዬ እሱ ባለበት ጠየቅኩ።

«አጎቴ፣ ፈርሂያ ራሷ መጥታ ተነሳች ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ለጠየቀኝ መለስኩ።»

«ማን ጠየቀዎት?»

«ከተማው ነዋ።» መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ስሚኝ ልጄ። ረመዳን ሳይገባ ዘጠኝ ሰርግ አለን። የሴቶቹ ፎቶ እኛ ኮምፒውተር ውስጥ እንደነበር ከተሰማ አንዲት እናት በሯን ትከፍትልሻለች? በሩ ላይ የተጻፈው ያባትሽ ስም ነው። የእኔ አይደለም።»

«የአባቴ ስም የሚድነው በፈርሂያ ስም ነው?»

«የልጅ ነገር ሁለት ወር ነው፤ ይረሳል። የሱቅ ነገር አይረሳም።»

ሊበን ከማተሚያው ኋላ ሆኖ፣ «ደግሞ አምራ ነው የወጣችው። ሰደባት እንዴ ሰው?» አለ።

ፈርሂያ በሴፕቴምበር መምህራን ማሠልጠኛ ልትገባ ነበር። ሦስት ጊዜ አመልክታ ዘንድሮ ነው የተቀበሏት። እሺ እገባለሁ ብላ የምትመልሰው ወረቀት እስከ ጁላይ ሃያ አራት መድረስ አለበት። ወረቀቱ ያለው ወንድሟ ነጅመዲን ዘንድ ነው። እሱ ካልፈረመ አትሄድም። ይህን ለአጎቴ ነገርኩት። «እንግዲያው ሰው ቶሎ ይርሳው» አለኝ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 16

ነጅመዲን መጣ።

አልጮኸም። ወንበር ቢሰጠው አልተቀመጠም። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለ፣ እኔን እያየ። «እህቴ እዚህ መጥታ ተነስታለች ወይስ አልተነሳችም?»

አጎቴ ቀደመኝ። «ነጅመዲን፣ ልጆች ናቸው። ተጫውተው ይሆናል። ክፉ ነገር አላሰቡም።»

አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ለሊሴ፣ ለእንግዳችን ውሃ» አለ።

ሄጄ ውሃ አመጣሁ።

ስመለስ ሄዷል። ብርጭቆውን ይዤ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ዲግሪ አለኝ። ናይሮቢ ላይ ሥራ አስኪያጄን በስብሰባ መሃል ተሳስተሃል ብዬ አውቃለሁ። እዚህ ግን ውሃ አመጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 18

ትናንት ፈርሂያን ጎዶማ ወደሚባለው መንደር፣ አክስቷ ዘንድ ወሰዷት። በከብት ሎሪ። ያየቻት ጎረቤታችን ነገረችኝ። ጓዟ አንድ ከረጢት ነው አለች።

እሁድ፣ ጁላይ 19

እናቴ ቤተክርስቲያን ናት፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ያላልኩትን ልጻፈው።

የሴቶቹን ፎቶ በማንም ኮምፒውተር ላይ አልከፍትም፤ የራሴም ላይ ቢሆን። ደንቤ ነበር። ሳቢሪን ያገባችው ቅዳሜ ነው፤ ካርዱን ለእናቷ የሰጠሁት ሰኞ ጠዋት። በመሃሉ እሁድ ነበረ።

ያን እሁድ ሱቁ ዝግ ነበር፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። የካሜራው ትንሽ መስኮት አላረካኝም። የሱቁ ኮምፒውተር ሰፊ ነው፤ ዳርቻዎቹን በእሱ ላይ ማየት ፈለግሁ። ሃያ ስምንቱ በሙሉ ፍሬም ላይ ጥጉ ድረስ ጥርት ይላል ወይስ አይልም? ናይሮቢ አብረውኝ የሚሠሩት «ያን ብረት ሙዚየም ስጪው» ይሉኝ ነበር። ካርዱን አስገባሁ።

የሳቢሪንን የሄና እጅ ያነሳሁበትን ምስል ከፈትኩ። እጇ መሃል ላይ ነው። በግራ ጥግ ላይ፣ ሳነሳ ልብ ያላልኳት፣ ፈርሂያ ትስቃለች። አቀረብኩት። ጸጉሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የአባቴ ሌንስ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ «ይኸው» አልኩ። ያን ጥግ ቆርጬ ለብቻው አስቀመጥኩት። ለእነዚያ የናይሮቢ ሰዎች ልልከው። ከኮምፒውተሩ ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። እሱን አላጠፋሁም።

የሰቀለው ሊበን ነው። የዋሸው አጎቴ ነው። የቆረጥኳት ግን እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 20

ለአጎቴ ነገርኩት፤ ለነጅመዲን ልነግረው እንደሆነም። «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ሙሉው ምስል ነው አልኩ። ቆርጦ ከማውጣቴ በፊት ዙሪያዋ ሳቢሪን አለች፣ አክስቶቿ አሉ፣ የቤታቸው መጋረጃ አለ።

«እነዚያም ሁሉ ያለ ሻሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አዎ።

«እንግዲህ ወስደሽ ለወንዶች አሳይ» አለኝ። ይህን ሲል አልተቆጣም። የሚያዝንልኝ ይመስል ነበር።

ደግሞም ምስሉ እኔ ዘንድ የለም። የቀረው በዚያ በታሸገው ካርድ ላይ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 22

የሳቢሪን እናት ቤት ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ማማ ሳቢሪን ነው የሚላት። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሳላድበሰብስ ነገርኳት። ያ ፎቶ ከእርስዎ ቤት ነው። ሱቅ ውስጥ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፈርሂያ የትም አልሄደችም።

«ለምን ከፈትሽው?»

«ልሞክረው ብዬ ነው፣ ማማ።»

«ምኑን?»

«ሌንሱን።»

ሩዙን ወደ ጎን አደረገች። «የመጀመሪያ ልጄን ስድር» አለች፣ «አባትሽ ደጅ ቆሞ ነበር። እናትሽ ጥቅልሉን ስታሽግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጥቅልል እኮ ነው፣ ምን ይታይበታል? ግን አዞረ።»

ማልቀስ አይገባኝም ነበር።

«ቅዳሜ ካሜራሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «በዚያ ምስል ያሉትን ሁሉ እጠራለሁ። ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱም ትነግሪያለሽ። እኔን ብቻ አይደለም የከፈትሽው።»

ሐሙስ፣ ጁላይ 23

አጎቴ ሰምቷል። ሱቅ ስገባ የሌንሶቹ ሳጥን የለም። ቁምሳጥኑ ተቆልፏል።

«የሱቁ ንብረት ናቸው።»

«አባቴ ለእኔ ነው የሰጠኝ።»

«ወረቀት አለሽ?»

ካሜራዬ ክዳኑን ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ማሳየት ይችላል፤ ማንሳት አይችልም።

ነገ ሃያ አራት ነው። ወረቀቱ አልተላከም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 25

ሰባት ሴቶች። ማማ ሳቢሪን ካርዱን ወርቋን ከምታስቀምጥበት ቆርቆሮ አውጥታ፣ እኔ የለጠፍኩት ፕላስተር እንዳለ መሆኑን ለሁሉም አሳየች። ከዚያ ራሷ ቀደደችው። ካሜራው ውስጥ አስገባሁ፤ ምስሉን አገኘሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አንዷ አክስት የካሜራውን መስኮት ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ «እኔ ይህን ያህል እወፍራለሁ?» አለች።

«ሌንሱ ነው እናቴ፣ ጥግ ላይ ያለውን ይለጥጣል።»

«እንግዲያው ሌንሱ ይካሰኝ።»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። ወዲያው ሳቢሪን፣ ሄናው ከጥፍሯ ገና ያልለቀቀ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ሌላስ? ሌላ ቦታ ምን ቀርቷል?» አለች።

«ምንም። እምላለሁ።»

«አምንሻለሁ» አለች። ይህን ስትል የድሪያ ቀሚሷን ወደ አንገቷ ሰበሰበች። እኔ ፊት። ሴት ፊት።

ማማ ሳቢሪን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። እዚህ ምስል ላይ እንዳለሽ ሽማግሌ ፊት ይነገር? ስድስቱ እሺ አሉ። ሰባተኛዋ፣ በቅርቡ የገባች ምራት፣ አልፈልግም አለች። አልተጫኗትም። «አንቺን አንጠራም» አሏት።

ካርዱን እንደገና አሸግኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 30

ሽማግሌዎቹ ከቺፉ፣ ከሰፈሩ ሹም፣ ቢሮ ኋላ፣ ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ድርቁ ቅጠሉን ጨርሶታል፤ ጥላው ነጠላ ጨርቅ ይመስላል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ማማ ሳቢሪን ከስድስቱ ሴቶች ጋር ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ሲጠሯት አልተነሳችም፤ ከተቀመጠችበት ተናገረች።

«ያ ሳቅ የእኔ ቤት ሳቅ ነው። ልጅቷ ከእኔ ቤት ወጥታ የትም አልሄደችም። ምስሉን ሙሉውን አይተነዋል፤ ዙሪያዋ ያለነው እኛ ነን። እናንተ ልታዩት አትችሉም። እኛ አይተናል ካልን ግን አይተናል።»

መሪያቸው አባ ቃሊቻ በዱላቸው መሬቱን ነኩ። «የሴቶቹ ቃል ይበቃል። ልጅቷ ንጹሕ ናት።»

ነጅመዲን ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ። አጎቴ ተነሳ። «ልጆቻችን ተሳስተዋል። ለሊሴም፣ ሊበንም። የዲጂታል ነገር አዲስ ነው። በሁለቱም ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሽማግሌዎቹ «ይለፍ» አሉ። ራሷ መጥታ ተነሳች ያለው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ፎቶውን የሰቀለው ሰው ማን መሆኗን ያውቅ እንደነበረ የጠየቀ የለም። ሁሉም ስህተት በሚል አንድ ከረጢት ገባ፤ ተቋጠረ።

ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጄን አወጣሁ። አባ ቃሊቻ በደግነት አዩኝ። «ልጄ፣ አጎትሽ ተናግሮልሻል» አሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሊበን ከኋላዬ፣ «በይ፣ አለቀ አይደል? ፊትሽን ፍቺው» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 6

ጎዶማ ደርሼ መጣሁ። ሳር በጫነ ሎሪ ላይ ነው የሄድኩት። በድርቁ መንገዱ ዳር የወደቁትን ላሞች አሁን ሰው ዞር ብሎም አያያቸውም። አቧራው ጥርሴ ውስጥ ነው።

ፈርሂያ የአክስቷን ልጆች አንድ ጥቁር የተቀባ እንጨት ላይ ፊደል ታስቆጥራለች። ስታየኝ ልጆቹን አላሰናበተችም። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

«ሰምተሻል?» አልኳት።

«ነጅመዲን መጥቶ ነግሮኛል። ይቅርታ ጠየቀኝ። አለቀሰ።»

«ማሠልጠኛውስ?»

«ቦታውን ለሌላ ሰጥተውታል። በሚቀጥለው ዓመት አመልክቺ ብለዋል።» በጣቷ የእንጨቱን ጠመኔ ጠረገች። «አራተኛዬ ይሆናል።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ እሁዱ፣ ስለ ጥጉ። በሎሪው ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ግማሹ ጠፋኝ።

«ኮምፒውተሩ ላይ ስታይኝ፣» አለች፣ «ምን ነበር ያየሽው?»

ልዋሽ እችል ነበር። «ጥርት ማለቱን» አልኩ።

«እኔን አላየሽም?»

ዓይኔን ወደ እንጨቱ መለስኩ።

«የምስቀው በምን እንደነበረ ታውቂያለሽ? አንቺ ነሽ ያሳቅሽኝ። ያን ሌንስ ስታዞሪ ምላስሽን ታወጫለሽ፣ እንደ ፍየል። ሳነሳሽ ልብ አላልኩሽም ትያለሽ። እኔ አንቺን እያየሁ ነበር።»

ሎሪው ጥሩምባ ነፋ። ልታቅፈኝ አልቀረበችም፤ አላባረረችኝምም። «ሂጂ፣ ያመልጥሻል» አለችኝ። መቼ ልምጣ አላልኳትም። ነይም አላለችኝ።

ዓርብ፣ ኦገስት 7

ምንም። ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 12

ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ቀረው፤ ሰርጎቹ ተደራርበዋል። ሦስት እናቶች ወደ ሱቅ መጥተው «ለሊሴ ካልገባች ሌላ አንፈልግም» ብለዋል አሉ። ያልጠበቅኩት ነበር። ማማ ሳቢሪን፣ «ያጠፋችውን ራሷ መጥታ የምትናገር እሷን ብቻ ነው ያየሁት» ማለቷን እናቴ ሰምታለች።

ዛሬ አጎቴ ራሱ ቤታችን መጣ። ሳጥኑን ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ሃያ ስምንቱ፣ ሃምሳው፣ መቶ አምስቱ። እጄ ሳላዘው ተዘረጋ፤ መልሼ ሰበሰብኩት።

«ያንቺ ይሁኑ። ወረቀት እጽፍልሻለሁ፤ ቺፉ ይፈርምበታል። ቅዳሜ ሥራ ግቢ። አንድ ነገር ብቻ፤ ያን ወሬ አታንሺብኝ። ነጅመዲን ዘንድም አትሂጂ። ሽማግሌ ይለፍ ብሏል።»

«ወሬ የሚሉት የትኛውን ነው?»

«ታውቂዋለሽ።»

«እርስዎ ይበሉት።»

አላለውም። ሳጥኑን ዘግቶ ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ «እስከ ዓርብ አስቢበት» አለ።

እናቴ በሩን ዘግታ፣ «ውሰጃቸው» አለችኝ። «ስደተኛ ሆነን ስንመጣ አባትሽ ስንቱን ዋጥ አድርጎ ነው ይህን ሱቅ ያቆመው።»

«ያ እሱ የዋጠው የደረሰበትን ነው፣ እማ። እኔን ዋጪ የሚሉኝ ሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ነው።»

ራት ስናቀርብ ሥጋውን ወደ እኔ በኩል ገፋችው።

ዓርብ፣ ኦገስት 14

ዛሬ ሱቅ ሄጄ መልሴን ሰጠሁ። ሦስት ሰዎች ፎቶ ሊነሱ ተሰልፈው ነበር፤ ይውጡ አላልኩም፤ እነሱም አልወጡም። ሌንሶቹን አልፈልግም አልኩ። ይህን ማለት አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው። አጎቴ «ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ። ሊበን «በባዶ ካሜራ ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምን እንደምሠራ አላውቅም።

ከዚያ ነጅመዲን ሱቅ ሄድኩ። ቆሜ፣ ውሸቱን ማን እንደጀመረውና እኔ ውሃ ይዤ ስመለስ ምን ልነግረው እንደነበረ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አውቄው ነበር» አለ። «ሽማግሌ ይለፍ ካለ ግን እኔ ምን ልበል?» ወረቀቱን ሳይፈርም በመዘግየቱ ከእኔ በላይ የሚቃጠለው እሱ ነው።

እንግዲህ እንዳይጠፋኝ በግልጽ ልጻፈው። ያጠፋሁትን አጥፍቻለሁ። ሰው አምኖ በሩን ሲከፍትልኝ እኔ የሌንስ ጥራት ስፈልግ ነበር። ይህን ማንም እንዲያቀልልኝ አልፈልግም፤ ፈርሂያም ይቅር እንድትለኝ አልጠይቃትም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ ባትሰጠኝም የእሷ ነው።

ነገር ግን አንደበት እያለኝ ሌላ ሰው በስሜ ይቅርታ እንዲጠይቅልኝ ከእንግዲህ አልቀበልም። እያወቁ የተናገሩት ውሸት ስህተት ተብሎ ከእኔ ስህተት ጋር አንድ ላይ እንዲታሰር አልቀበልም። የሞተ ሰው ስም በሩ ላይ ስለተጻፈ በሕይወት ያለችው ትርከስ የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። ራሷ መጥታ ተነሳች ያለው ሰው፣ በተናገረበት ከተማ፣ ሰው እየሰማ፣ አልመጣችም እስኪል ድረስ በዚያ በር አልገባም።